ልጄ ከሜካፕ ሌላ ነገር አይታያትም። በእሱ በኩል ትምህርት ማስጠናት ይቻላል?

የታዳጊዋ_እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ 9ኛ ክፍል ናት። ጭንቅላት አላት፣ ግን ደብተር ሲከፈት ፊቷ ይጠቁራል። ኬሚስትሪና ሒሳብ ላይ በተለይ ውጤቷ በጣም ወርዷል። ስለ ሴረም፣ ስለ ፋውንዴሽን፣ ስለ ፀጉር ቅባት ብትጠይቋት ደግሞ ሌላ ልጅ ትሆናለች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትደክም ታወራችኋለች። ባለፈው የክሬም ካርቶን ይዛ መጥታ "እማ፣ ናያሲናማይድና ሂያሉሮኒክ አሲድ አንድ ይመስሉሻል አይደል?" ብላ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ያንን ሁሉ ስም እንዴት እንደያዘችው ገረመኝ። የፔሪዮዲክ ቴብል የመጀመሪያዎቹ 20 ኤለመንቶች ግን እምቢ ብለዋታል።

መጀመሪያ ስልኳን ነጠቅኳት። ለሦስት ሳምንት አኮረፈችኝ እንጂ ጥናቱ ፈቀቅ አላለም። አሁን ነገሩን ከሌላ በኩል ማሰብ ጀመርኩ። ይህን ያህል የምትወደው ነገር ካለ በእሱ በኩል ትምህርቱን ማስገባት አይቻልም ወይ? ከየት ነው የሚጀመረው? እኔ ኬሚስትሪ ከተማርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ሌላው ስጋቴ ደግሞ ፊቷ ላይ ያልሆነ ነገር እንዳትቀባ ነው። የሞከራችሁም፣ የምታስተምሩም ካላችሁ ምከሩኝ።

—

ኬሚስትሪ_መምህር

እህቴ፣ የክሬም ካርቶን አንብባ ሁለት ንጥረ ነገር ለይታ የምታስረዳ ልጅ ኬሚስትሪ ጀምራለች። አንቺ የምታደርጊው የጀመረችውን ማስቀጠል ነው።

ከፒኤች ጀምሩ፣ አንድ ነገር ምን ያህል አሲድ ወይም ቤዝ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር ነው፣ ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዳማ ይሆናል። ከዚህ የምትጀምሩት በአንድ ከሰዓት በዓይን የሚታይ ነገር ስለሆነ ነው። ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ሐምራዊ ውሃ ይወጣዋል። ውሃውን በትንንሽ ብርጭቆ ከፋፍሉና አንዱ ላይ ሎሚ፣ አንዱ ላይ ደረቅ ሳሙና የሟሟበት ውሃ፣ ሌሎቹ ላይ የራሷን ሻምፑ፣ ቶነር፣ የፊት መታጠቢያ ጠብ አድርጉ። አሲድ ከሆነ ወደ ሮዝና ቀይ ይሄዳል፣ ቤዝ ከሆነ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ። ውጤቱን ከመጨመራችሁ በፊት እሷ ትገምት። ይህቺ ግምት ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ልጁን ሙከራው ውስጥ የምታስገባው እሷ ናት።

ከዚያ ቁጥሩ ይመጣል። ጤናማ ቆዳ ላዩ ትንሽ አሲዳማ ነው፣ ፒኤቹ 5 አካባቢ። ተራ ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። "ልዩነቱ አራት ብቻ ነው" ማለቷ አይቀርም። የፒኤች እያንዳንዱ ደረጃ ግን 10 እጥፍ ስለሆነ ከ5 እስከ 9 ያለው ልዩነት 10,000 እጥፍ ነው። ፊቷን በሳሙና ስትታጠብ ለምን እንደሚወጥራት በዚህ ይገባታል፣ ሎጋሪዝም ክፍል ውስጥ ሲመጣም የምታውቀው ሰው ይሆንላታል። በዚያው ሎሚ ፊት ላይ መቀባት የሚባለውን ነገር ራሷ ታስላው። የሎሚ ፒኤች 2 አካባቢ ነው፣ ከቆዳዋ በ1,000 እጥፍ አሲዳማ ማለት ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ካሰሉ በኋላ ሎሚ ቀባሁ የምትል ልጅ አላጋጠመችኝም።

ውሃ የማያስለቅቀው ማስካራ በዘይት ለምን ይለቃል? ይህ ጥያቄ ብቻውን ውሃ ስለሚወዱት ፖላርና ዘይት ስለሚወዱት ፖላር ያልሆኑ ሞለኪውሎች አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ነው። ሎሽን ደግሞ ዘይትና ውሃ ታርቀው የሚኖሩበት ነገር ነው፣ አስታራቂው ኢመልሲፋየር ይባላል፣ አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል ሌላው ጫፉ ዘይት። ሳሙናም ቆሻሻ የሚያነሳው በዚሁ ጠባዩ ነው።

አንድ የምወደው ጥያቄ ልጨምር። ልጆቹ "አልኮል ቆዳ ያደርቃል" ብለው ይመጣሉ፣ ከዚያ የሚወዱት ማለስለሻ ክሬም ላይ ሲቲል አልኮል የሚል ያገኙና ይደነግጣሉ። ኢታኖል 2 ካርቦን ነው ያለው፣ ቶሎ ይተናል። ሲቲል አልኮል 16 ካርቦን አለው፣ እንደ ሰም ነው፣ ቆዳ ያለሰልሳል። ሁለቱም አልኮል የተባሉት ጫፋቸው ላይ ያንኑ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ስለያዙ ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ሲደርሱ ይህን የሚያስታውስ ልጅ ግማሹን ጨርሷል።

—

የሁለት_ሴት_ልጆች_አባት

መምህሩ ያሉት ጥሩ ነው ግን እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። የ15 ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ስለ መልኳ የምታስብ ከሆነ እኛ ደግሞ ትምህርቱንም በዚያው ብናመጣው "ዋናው ነገር መልክ ነው" አላልናትም ወይ? የኔ ትልቋ ስልክ ላይ በምታያቸው ፊቶች ራሷን እያነጻጸረች ብዙ ተጎድታለች። እህቴ፣ ልጅሽ ሜካፑን የምትወደው ቀለሙንና ሥራውን ወድዳ ነው ወይስ ፊቷን ጠልታ? እሱን ሳትለዪ አትጀምሪ።

—

ፋርማሲ_ውስጥ_የምሠራ

ወንድሜ ያነሳኸው ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም ከዚያው ልነሳ።

ሴት ልጆች ፋርማሲ መጥተው የሚያቀላ ክሬም ሲጠይቁኝ ልቤ ያዝናል። እዚህ ጋ ባዮሎጂ ከምክር ይበልጣል። የቆዳ ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ናቸው፣ ቁጥራቸው በጠቆረም በነጣም ሰው ቆዳ ውስጥ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ያለው የሚያመርቱት ሜላኒን ብዛትና ዓይነት፣ የታሸገባቸው ትንንሽ ከረጢቶች መጠንና አደራደር ላይ ነው። ሜላኒን ደግሞ የሴሉን ዲኤንኤ ከፀሐይ ጨረር የሚጋርድ ነው። ይህን የተረዳች ልጅ ቆዳዋን የምታይበት ዓይን ይለወጣል፣ አይቻለሁ።

ከዚያ ሜርኩሪ። አንዳንድ የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ ይገባል። የሚሠራው ታይሮሲኔዝ የተባለውን ኢንዛይም በማገድ ነው፣ ያ ኢንዛይም ከታገደ ሜላኒን አይሠራም። በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። ካርቶኑ ላይ ካሎሜል ወይም ሜርኩረስ ክሎራይድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ ጭራሽ ላይጻፍም ይችላል። ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ሜርኩሪን ለመቆጣጠር ነው፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 የሜርኩሪ መመረዝ ከታወቀባት የጃፓን ከተማ ነው። ከ1 ፒፒኤም በላይ ሜርኩሪ ያላቸው ኮስሜቲክሶች እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ወሰነ። 1 ፒፒኤም ስንት ነው? በአንድ ኪሎ ክሬም ውስጥ 1 ሚሊግራም። ይህን ልጅሽ በራሷ ታስላ። ኢንዛይም፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አሃድ መቀየር፣ ሁሉም አንድ ክሬም ውስጥ አሉ።

ለስጋትሽ፦ በዚህ ዕድሜ ለስላሳ መታጠቢያ፣ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ይበቃታል። ሬቲኖልና ጠንካራ የሚልጡ አሲዶች ሐኪም ካላዘዘ አያስፈልጓትም፣ ስልክ ላይ የምታያቸው ሰዎች ዕድሜያቸውም ችግራቸውም ሌላ ነው። አዲስ ነገር ፊት ላይ ከመሄዱ በፊት የክንድ ውስጠኛው ክፍል ላይ ትንሽ ተቀብታ አንድ ሁለት ቀን ትጠብቅ። ይህንንም ደብተር ላይ ትጻፈው፣ ቀን፣ ምን፣ ስንት፣ ምን ሆነ። የሳይንስ ዘገባ አጻጻፍ ማለት ይኸው ነው።

የካርቶኑን ጀርባ ማንበብ ደግሞ አስተምሪያት። ንጥረ ነገሮቹ የሚደረደሩት ከብዙ ወደ ጥቂት ነው፣ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን በማንኛውም ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ፍሬ ወይም አበባ ከኋላ መጨረሻ አካባቢ ተቀምጦ ስታገኘው የማስታወቂያ ትምህርቱን ራሷ ትወስደዋለች።

—

ሒሳብ_አስጠኚ

ሒሳቡን ለኔ ተዉልኝ።

የፀሐይ መከላከያ ላይ ያለውን ቁጥር ጠይቂያት። ኤስፒኤፍ 30 ከኤስፒኤፍ 15 ሁለት እጥፍ ይከላከላል? ብዙ ትልልቅ ሰዎችም አዎ ይላሉ። ቁጥሩ የሚናገረው ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር ምን ያህሉ እንደሚያልፍ ነው፣ 1ን ለቁጥሩ ማካፈል። 15 ላይ 6.7 በመቶ ያልፋል፣ 30 ላይ 3.3፣ 50 ላይ 2። የተከለከለው ደግሞ ወደ 93፣ 97፣ 98 በመቶ ነው። ግራፉን ራሷ ትሣለው። መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል ከዚያ እየተኛ ይሄዳል፣ አንድ ሲካፈል ለኤክስ የሚባለው ግራፍ እሱ ነው። ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ ይህን ግራፍ ሸምድዶ ረስቶታል መሰላችሁ።

እዚህ ላይ አይቁም። ያ ቁጥር የሚለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው። ፊትና አንገት ስንት ካሬ ሳንቲሜትር ነው? ስስ ወረቀት ቆርጣ ፊቷ ላይ እየለጠፈች፣ ከዚያ በካሬ ወረቀት ላይ ዘርግታ ትለካው። 600 ቢመጣ 1,200 ሚሊግራም፣ ማለትም 1.2 ግራም ያስፈልጋታል። 50 ግራም የያዘ ቱቦ በቀን አንዴ ብቻ ቢቀባ 41 ቀን ነው የሚቆየው። ያንቺ ስድስት ወር ከቆየ የተቀባሽው ስንት ነበር? ይህን ጥያቄ ለአንዲት ተማሪዬ ሰጥቻት በማግስቱ ሳላዛት ሦስት ገጽ ስሌት ይዛ መጣች።

ፐርሰንት ላይ ደግሞ፣ 10 በመቶ ናያሲናማይድ ያለው 30 ግራም ሴረም ውስጥ 3 ግራም አለ። ሴረሙን ከእኩል መጠን ክሬም ጋር እጇ ላይ ብታቀላቅለው ስንት በመቶ ይሆናል? 5። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጽሐፉ ላይ በጨውና በውሃ ነው ያለው።

ስታቲስቲክስም አለ። "ከ10 ተጠቃሚዎች 9ኙ ለውጥ አይተዋል" የሚል ማስታወቂያ ስታይ፣ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ ማን መረጣቸው፣ ምንም ያልተቀባ ቡድን ነበረ ወይ፣ ብላ ትጠይቅ። 30 ሰው ተጠይቆ 27ቱ "አዎ" ቢሉ ማስታወቂያው ይጻፋል፣ ግን ምን ያስረዳል?

—

ቀድሜ_ያለፍኩበት_እናት

እኔ ይህን መንገድ ሞክሬ አበላሽቼው ስለነበር ልንገርሽ። ልጄ ጥፍር ቀለም ላይ ነበረች፣ በጣም። እኔ በደስታ ተነስቼ ሁሉንም ነገር ወደ ጥያቄ ቀየርኩባት። ጥፍሯን ስትቀባ "አሴቶን ስንት ካርቦን አለው?"፣ ሊፕስቲክ ስትከፍት "ቀዩ ከምን ይሠራል?"። በሁለት ሳምንት ዕቃዋን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና በሩን ዘግታ መቀባት ጀመረች። የእሷ የነበረውን አንድ ነገር ወስጄባት ነበር። ሲገባኝ አለቀስኩ።

ኋላ የተለወጠው እኔ መጠየቅ ትቼ እንድታስተምረኝ እሷን ስለምናት ነው። "የኔ ፋውንዴሽን ለምን ፊቴን አመድ ያስመስለዋል?" አልኳት፣ በእውነት አላውቅም ነበር። ፈልጋ መጣች። ፋውንዴሽን ውስጥ ያለው ቀለም በአብዛኛው ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድና ሦስት ዓይነት የብረት ኦክሳይድ ነው አለችኝ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ቀዩ ብረት ሲዝግ ከምናየው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ነጩ ከበዛ ጥቁር ቆዳ ላይ ግራጫ ይሆናል። ቀይ ጠባሳ ላይ አረንጓዴ ማስተካከያ የሚቀባው በቀለም ክብ ላይ ተቃራኒ ስለሆኑ እንደሆነም ያኔ ነው ያወቅኩት። ፊዚክስ ላይ ብርሃን ሲማሩ በክፍሉ ውስጥ እጅ ያወጣችው እሷ ነበረች።

እጅ ሥራ ከፈለጋችሁ የከንፈር ቅባት ሥሩ፣ ክሬም አይደለም። ክሬም ውሃ ስላለው ማቆያ በትክክል ካልገባበት ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል። የከንፈር ቅባት ውሃ የለውም፣ ለጀማሪ ይሻላል። ለ10 ግራም 2 ግራም የንብ ሰም፣ 3 ግራም ሺአ ቅቤ፣ 5 ግራም የወይራ ዘይት። ሰሙ የሚቀልጠው ከ62 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ላይ አድርጋችሁ አቅልጡት፣ እሳት ላይ በቀጥታ አታድርጉት፣ አንቺም አጠገቧ ቁሚ። ከዚያ ሰሙን ብቻ እየቀያየረች ሦስት ዓይነት ትሥራ፣ የቱ ይጠነክራል፣ የቱ ይቀልጣል። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን እንዳለ ማቆየት የሚባለውን የሳይንስ ሕግ የኔ ልጅ የያዘችው በዚህ ነው።

አባትየው ያሉትን በተመለከተ፣ ልክ ናቸው። የኔ ልጅ ግን እንዴት እንደሚሠራ ባወቀች ቁጥር ስለ ፊቷ መጨነቋ እየቀነሰ ነው የሄደው።

—

12ኛ_ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ተማሪ ነኝ፣ የእርስዎ ልጅ ዓይነት ነበርኩ። የኔ ነገር ፀጉር ነው። በውሃ የረጠበ ፀጉር ቅርጹን ለምን ይለቃል ብዬ ስፈልግ ሃይድሮጅን ቦንድ የሚባለውን፣ ውሃ የሚፈታውን ደካማ ትስስር አገኘሁ። በኬሚካል የተለሰለሰ ፀጉር ደግሞ ቢታጠብም ለምን አይመለስም ስል ዳይሰልፋይድ ቦንድ፣ የኬራቲን ፕሮቲን ውስጥ ሁለት ሰልፈሮች የሚያያዙበት። ክፍል ውስጥ ስለ ቦንድ ስንማር ሌሎቹ ሲሸመድዱ እኔ ፀጉሬን ነበር የማስበው።

ታሪክም አለ፣ እሱን ማንም አላነሳውም። ኩል ብቻውን ብዙ ነገር ነው። ፓሪስ ባለው ሉቭር ሙዚየም በሚገኙ የጥንት ግብፅ የኩል ዕቃዎች ውስጥ የቀረው ዱቄት ሲመረመር በተፈጥሮ እንዲህ በቀላሉ የማይገኙ የሊድ ውህዶች ተገኝተውበታል፣ ማለትም ከ3,000 ከሚበልጥ ዓመት በፊት ሰዎች ኬሚካል እያዋሃዱ ይሠሩ ነበር። ሊድ መርዝ መሆኑ ደግሞ ሌላው ጎን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ማቅለሚያ የሰው ዓይን አጥፍቷል፣ ያኔ መንግሥት ኮስሜቲክስ የሚቆጣጠርበት ሕግ አልነበረውም። ሕጉ የወጣው በ1938 ነው። እኔ ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ክፍል ድርሰት ጽፌ በሕይወቴ ትልቁን ውጤት አገኘሁ። አሜሪካዊቷን ማዳም ሲ ጄ ዎከርንም ትፈልጋት፣ እ.ኤ.አ. በ1867 በባርነት ከነበሩ ወላጆች ተወልዳ፣ ልብስ አጣቢ ሆና ኖራ፣ የራሷ ፀጉር ሲረግፍባት ተነስታ ለጥቁር ሴቶች የፀጉር ምርት ድርጅት ያቋቋመች ናት። ኢኮኖሚክስ ለምትማር ልጅ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

አንድ ልመና ብቻ፣ ስልኳን መልሱላት። የምታነበው እዚያ ላይ ነው።

—

የታዳጊዋ_እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ስለቆየሁ ይቅርታ፣ ሞክሬ ልመለስ ብዬ ነው።

ስልኩን መለስኩላት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። የሁለቱ ልጆች አባት ያሉትን ይዤ ማታ ማታ ዝም ብዬ አዳመጥኳት። ቀለም ማዋሃድ ነው የምትወደው። ስለ ግንባሯ ብጉር ግን ትጨነቃለች፣ እሱን አላውቅም ነበር፣ አሁን እናወራበታለን።

ጎመኑን ሠራን። ስድስት ብርጭቆ ደረደረች፣ ግምቷን በወረቀት ጽፋ ሥራቸው አስቀመጠች። ቶነሯ ሮዝ ሲሆን ጮኸች። ደረቅ ሳሙናው አረንጓዴ ሲሆን ዝም ብላ ትንሽ አየችውና "ይህን ነው በየቀኑ ፊቴ ላይ የማደርገው?" አለች። ከዚያ 10,000 እጥፍ የሚለውን ነገርኳት፣ አላመነችኝም፣ ደብተር አውጥታ 10 በ10 እያባዛች አራት ጊዜ ጻፈች። ደብተር በራሷ ፈቃድ ሲወጣ ያየሁት በስንት ጊዜዬ ነው።

ኬሚስትሪ ፈተናዋ ላይ ገና ለውጥ የለም። ትናንት ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መምህሯን "ፒኤች ከ0 በታች ይሄዳል ወይ?" ብላ እንደጠየቀች ነገረችኝ፣ መምህሯም "ነገ ፈልገሽ ንገሪን" አሏት። ማታ ሁለታችንም ተቀምጠን ፈለግን። መምህር፣ በጣም ጠንካራ አሲድ ከሆነ ይሄዳል የሚል አገኘን፣ ልክ ነን?

—

ኬሚስትሪ_መምህር

ልክ ናችሁ። ብዙ ሃይድሮጅን አዮን ያለው የተከማቸ ጠንካራ አሲድ ከ0 በታች ይወርዳል። ነገ ክፍል ውስጥ ስታስረዳ ከ0 እስከ 14 ያለው የተለመደው ክልል እንደሆነ ትንገራቸው፣ ግድግዳ እንዳልሆነ። ጓደኞቿ የሚጠይቋትን ጥያቄም ጽፋ ትምጣ።